የትርንጎ አንደኛ ዓመት

ትርንጎ ናትናኤል ለድሬዳዋው ቡድን ለደቻቱ የተጫወተችው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ብቻ የተጫወተችውም ጎበዝ ስለነበረች ነው። ለዛሬ ልጆች ይህ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም፤ ለምን እንደማወራላቸው ራሱ አይገባቸውም። እኔ ግን አርጅቻለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ሴቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ልጃቸውን ለእናታቸው አሳቅፈው ሜዳ ይገቡና ወጣቶቹን መላወሻ ያሳጧቸው ነበር። አሁን እንዲህ ያለች ሴት በየትኛውም ሊግ የለችም።

ስሜ ሜላት ነው። በእኔ ጊዜ የተወለደች ሴት ሁሉ ሜላት ወይም ሶልያና ነበረች፤ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ወጣቶቹ ትርንጎ፣ ጠጄ፣ ደብሪቱ ነው የሚባሉት። በድሬዳዋ ሬዲዮ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አስተላልፋለሁ። ሊጉ ሰው አስተላላፊ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ስንት ጊዜ ሊያባርረኝ ሞክሯል። የድሬ ሰው ግን ስድብ የሌለበት ዘገባ አይጥመንም አለና ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ሕያው ሊግ እንደ ሁልጊዜው በመስከረም ተጀመረ። ጨዋታው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ድሬ ላይ የሚሮጥ ሰው ሐኪም ቤት ያድራል። ሕያው ሊግ የአዲሶች ሊግ ነው። ዘንድሮ የተመለመሉ ልጆች አንድ ዓመት በሥጋቸው ይጫወታሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ከሁሉም የበለጠችው ትታተማለች፤ መልኳ፣ ድምፅዋና አጨዋወቷ ተቀድቶ እሷን የሚመስል ጥላ ይሠራላታል። ጥላዋ ወደ ዋናው ሊግ ይገባና ካለፉት ዓመታት ጥላዎች ጋር ይጫወታል፤ አይታመም፣ አያረጅ፣ አያኮርፍ። ልጅቷ ራሷ ከዚያ በኋላ ኳስ አትነካም፤ ሁለት ትርንጎ ለገበያ አይሆንም። ያልተመረጡት ወደየሠፈራቸው ይመለሳሉ፤ እስኪያረጁ ቢጫወቱ የሚከለክላቸው የለም። የሚያያቸውም የለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከጫሞ ጋር ነበር። ትርንጎ ተቀይራ የገባችው ደቻቱ በአሥራ ስምንት ነጥብ ተመርቶ፣ ደጋፊው ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲነሣ ነው። ረጅም አይደለችም፤ ለቅርጫት ኳስ እንዲያውም አጭር ናት። እጆቿ ግን ረጃጅም ናቸው፤ አባቷ ናትናኤል "እጇ ቀድሟት ነው የተወለደው" ይላል። እንደገባች ያደረገችው የጫሞን ኳስ አቀባይ ቆሞ ማየት ብቻ ነበር። አንዴ አየቻት፣ ደግማ አየቻት፤ በሦስተኛው ኳሷን ከእጇ ላይ ወስዳባት ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ነኝ ያስተላለፍኩት ለማለት ያሳፍረኛል። ማይክ ይዤ ስጮህ ነው የቆየሁት። ደቻቱ አሸነፈ፤ ለመሄድ የተነሣው ሰው ሁሉ እንደቆመ ጨረሰው።

በታኅሣሥ ስሟን የማያውቅ አልነበረም። ባሕር ዳር ላይ የባላጋራ ደጋፊ ቆሞ አጨበጨበላት። ሐዋሳ ላይ ሠላሳ አራት ነጥብ አስቆጥራ ከሜዳ ስትወጣ ዳኛዋ እጇን ጨበጠቻት፤ ለዚህም ዳኛዋ ተቀጣች። ነጥቡን ተዉት፤ ነጥብ ማንም ያስቆጥራል። እኔን የገረመኝ ዓይኗ ነው። ኳሷን ሰው ወደሌለበት ቦታ ትወረውራለች፤ ጓደኛዋ ሳታስበው እዚያ ትደርሳለች፤ ደርሳም ግራ ተጋብታ ታያታለች። "የት እንደምሄድ እኔ ሳላውቅ እሷ እንዴት አወቀች?" ብላ አንዷ ጠይቃኛለች። እኔ ምን አውቄ!

የአዲሶቹ ኑሮ ያው የታወቀው ነበር። ጠዋት ሲነቁ ሊጉ ከቆዳቸው ሥር የቀበረው መቆጣጠሪያ ክር ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደተገላበጡ ይነግራቸዋል፤ የተገላበጠች ቁርሷ ይቀነሳል። የልባቸው ምት ለደጋፊ ይሰማል፤ ጎረቤቶቼ የትርንጎን ምት ከፍተው ነው ወጥ የሚሠሩት። ከልምምድ በኋላ ደግሞ አንድ ትንሽ ክፍል ገብተው ይናገራሉ። ምን ይናገራሉ ቢባል፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ይላሉ። ለመስቀል፣ ለኢድ፣ ለገና፣ ለአረፋ፣ ለዘመን መለወጫ፤ በደስታ፣ በፈገግታ፣ ትንሽ በድካም። "ነፍስ ይማር" ይላሉ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ የሚያለቅሱም አሉ። ጥላ በየበዓሉና በየለቅሶው የምትለው ይኑራት ተብሎ ነው፤ ማን እንደምትታተም ስለማይታወቅ ሁሉም ይቀረጻሉ። ትርንጎ አንድ ቀን ከዚያ ክፍል ወጥታ፣ "እትዬ ሜላት፣ የመቶ ዓመት በዓል ዛሬ አክብሬ ጨረስኩ" አለችኝ። ሳቅን። ያኔ ገና ያስቀን ነበር።

ያሳደጋት ጋሽ ኪሩቤል ነው። ለገሃር ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሠለጠናት እሱ ነው። እሱ የምለው ድሬ ላይ "እርስዎ" ስለማይሸጥ ነው፤ እኛ ጋ ሽማግሌም ሹምም አንተ ነው፤ ንቀት የሚመስለው እንግዳ ብቻ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ወፍራም፣ ቁጡ፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ነበር። ሲያሠለጥን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ኳስ ያበላሸች ልጅ ግን ወንበሩን ትቶ እስኪነሣ ድረስ ታናድደዋለች። ትርንጎ ኳስ የማታበላሸው እሱ እንዳይነሣ ብላ ነው ይባል ነበር።

ሊጉ ሊያልቅ ሲል ከዚራ ሠፈር አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጭማቂ እየጠጣን፣

"እምቢ ልላቸው ነው" አለችኝ።

እምቢ ማለት ይቻላል፤ ሕጉ ላይ አለ። የተመረጠችው እምቢ ካለች ሊጉ ሁለተኛ ዓመት በሥጋዋ ሊያጫውታት ይገደዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እምቢ ያለች አልነበረችም።

"ምን ጎድሎሽ?" አልኳት፤ ልፈትናት ብዬ እንጂ ልቤስ ዘሎ ነበር።

"እስካሁን የማውቀውን ነው የተጫወትኩት።" ጭማቂዋን በማንኪያ ታማስላለች። "አሁን አሁን ሜዳው ላይ ሆኜ ነገሩ ሁሉ ቀስ ብሎ ይታየኛል። ድሮ ወደ ኳስ ነበር የምሮጠው፤ አሁን ኳስ ወደምትመጣበት እየሄድኩ ነው። ገና መጀመሬ ነው እትዬ ሜላት። ምን እንደምሆን ማየት እፈልጋለሁ።"

"በይ እንግዲህ፣ ሽማግሌ ሲልኩብሽ ምላስሽ እንዳይተሳሰር።"

"ምላሴን ተዪው፤ አባቴን ነው የምፈራው። ገና በር ሳይንኳኳ ነው የሚያለቅሰው።"

ሽማግሌ የሚላከው እንዲህ ነው። ዱሮ ልጆቹን ወረቀት ያስፈርሟቸው ነበር። የፈረሙት ልጆች ሳይገባን ነው ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም ወረቀቱን ሁሉ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሊጉ ብልጥ ሆኗል። ፊርማ ይካዳል፤ በሽማግሌ ፊት የተባለ አይካድም። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ቤት ይሄዳሉ፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። ይህ ከሊጉ በፊት የነበረ ወግ ነው፤ እናቴም የተዳረችው እንዲሁ ቆመውባት ነው። ልዩነቱ፣ አሁን ሕግ ሆኗል። አባት ሺህ ጊዜ ተቀመጡ ቢል ዋጋ የለውም፤ የተጠየቀችው ልጅ ራሷ ተቀመጡ ካለች ግን እሺ ማለት ነው፤ አለቀ። ሊጉ ሽማግሌ የሚመርጠው በአንደበቱ እንዳይመስላችሁ። በጉልበቱ ነው። ጉልበቱ የከፋው ይሻላል።

የመጡት እሑድ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። እኔ ጎረቤት ስለሆንኩ በልጅቷ ወገን ተጠርቼ ገንደ ቆሬ ሠፈር፣ ናትናኤል ቤት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ሐጂ አንዋር በከዘራው ገባ። ተከትሎ ዳሌው የማይታጠፍለት፣ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር የነበረው አቶ ዮናታን። ከዚያ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ልጅ፣ የሊጉ ሰው። በመጨረሻ ጋሽ ኪሩቤል።

ትርንጎ ሐጂ አንዋርን ስታይ ፈገግ ብላ ነበር። ጋሽ ኪሩቤልን ስታይ ፈገግታዋ ባለበት ቀረ።

"ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ ናትናኤል፣ ወንበሩን እየጠረገ።

"አንቀመጥም" አለ ሐጂ አንዋር። "ልጅህን ለደቻቱ፣ ለድሬ፣ ለመጪው ትውልድ ልንጠይቅ መጥተናል። እሺ ስትለን እንቀመጣለን።"

ትርንጎ ተነሥታ ቆመች። አዘጋጅታ የቆየችውን ነው የተናገረችው።

"ሐጂ፣ አከብርሃለሁ። ሁላችሁንም አከብራለሁ። መልሴ ግን እምቢ ነው። ሁለተኛ ዓመት መጫወት እፈልጋለሁ።"

"ሰምተናል" አለ ሐጂ። "እንቆማለን።"

ቆሙ። ናትናኤል ወዲያው ማልቀስ ጀመረ። ውኃ አመጣላቸው፤ አልነኩትም፤ እሺ ካልተባለ ውኃም አይጠጣም። የአቶ ዮናታን ላብ በጆሮው ሥር ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ አራሰው። የሊጉ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን የትርንጎን የልጅነት ፎቶ ይመለከታል፤ ማንንም አያጣድፍም። እንዲህ ያለ ቤት ስንቴ ገብቶ እንደሚያውቅ ከአቋቋሙ ያስታውቃል።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። "እንዲቆሙ የላካቸው ይጨነቅ!" አልኩ። "አንቺ ምን አገባሽ ልጄ? ይቁሙ!"

"ሜላት" አለኝ ሐጂ አንዋር፣ "ይህ ሬዲዮ አይደለም።"

ትርንጎ እኛን አልሰማችም። የምታየው ጋሽ ኪሩቤልን ነው። አንድ እጁ የበሩን መቃን ይዟል፤ ያበጠው ጉልበቱ ሱሪው ውስጥ ይርገፈገፋል።

"አንተም ጋሽ ኪሩ?" አለችው።

"እኔም።"

"ለምን?"

ሰውየው ነገር ማሳመር አይችልበትም፤ ሕይወቱን በሙሉ "ሩጪ"፣ "እጅሽን አንሺ" ሲል ነው የኖረው። "ስንት ልጅ አወጣሁ" አለ በመጨረሻ። "ካንቺ በፊት ጎበዞች ነበሩ። የታሉ? አንዷ ጅቡቲ ናት፣ አንዷ ሱቅ ከፍታለች፣ አንዷ ሞታለች። ጨዋታቸውን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ ነኝ። አንቺ እንኳ ቅሪልኝ።"

"እኔ እኮ ገና አልጨረስኩም።"

"የጨረሰ ማን አለ?"

እንደዚያ ቀን የጠላሁት ሰው የለም፤ እንደዚያ ቀንም ያዘንኩለት የለም። ናትናኤል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ የጋሽ ኪሩቤል ጉልበት ታጠፈ። እጁ ከመቃኑ ተንሸራተተ፤ ወደ ሲሚንቶው ሊወድቅ ነው። ከሁላችንም ሩቅ የነበረችው ትርንጎ ናት። ከሁላችንም ቀድማ የደረሰችውም እሷ ናት። በአንድ እጇ ብብቱን ይዛ፣ በእግሯ ወንበሩን ስባ ከሥሩ አደረገችለትና፣

"ተቀመጥ" አለችው። "ተቀመጥ አቦ ጋሽ ኪሩ፣ ተቀመጥ!"

ሽማግሌው ያለችው ገባው። ዓይኑ ፈጠጠ። "ተይ፣ እቆማለሁ" አለ፤ ወንበሩን ገፍቶ ለመነሣትም ሞከረ። ጉልበቱ ግን እሺ አላለውም።

የሊጉ ሰው ፎቶውን ማየት ተወ። "እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ፣ ለስለስ አድርጎ። ሐጂ አንዋር ተቀመጠ። አቶ ዮናታንም ዳሌውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ውጭ ሲጠብቁ የነበሩ ጎረቤቶች እልል አሉ።

"ምን ማለት ነው?" ብዬ ተነሣሁ። "ልጅቷ እምቢ ብላለች! የሚወድቅ ሽማግሌ ነው የደገፈችው!"

"እርስዎ እንዳሉት ሊሆን ይችላል" አለ የሊጉ ሰው፤ ትሕትናው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። "ትርንጎ ተቀመጥ ያሉት ለምን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ማለታቸው ይበቃናል። እሳቸው ካልተስማሙ ግን አሁኑኑ ሽማግሌዎቹን አስነሥተው መሸኘት ይችላሉ። እኛ ቅር አይለንም።"

ሁላችንም ትርንጎን አየን። እሷ ጋሽ ኪሩቤል አጠገብ ተንበርክካ ጉልበቱን ትዳስሳለች።

"ተዪው እትዬ ሜላት" አለች፤ ቀናም አላለች። "ሽማግሌ አስቀምጬ መልሼ ላስነሣ እንዴ?"

መረቋት። እጇን ዘርግታ አሜን አለች።

ጥላዋ ዋናው ሊግ የገባ ቀን ስታዲየሙ ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ለትርንጎ የክብር ቦታ ተሰጣት፤ ከእኔ ማይክ አጠገብ። ጥላዋ ሮጣ ወጣች። ያቺው ራሷ ናት፤ ፀጉሯን እንዳሰረችው፣ ግንባሯ ላይ ላብ እንዳለ፣ ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲጮህ ይሰማል። ለደጋፊው እጇን አወዛወዘች። ደጋፊው አበደ። እኔ ሥራዬ ነውና አስተላለፍኩ፤ ያን ቀን ግን የተሳደብኩት ማንንም እየለየሁ አልነበረም። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ሳትነቅል አየችና፣ "ጎበዝ ናት" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስታዲየም አልመጣችም።

ጋሽ ኪሩቤል ግን አንድም ጨዋታ አላመለጠውም። የመጀመሪያው ዓመት ደስ ብሎት ነበር፤ ለአላፊ አግዳሚው "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" ይላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ከመቀመጫው እየተነሣ መጮህ ጀመረ። "ቀና በይ! ከኋላሽ ናት! ባለፈውም እኮ እዚህ ጋ ነው የተበላሽው!" ይላል። ጥላ አትሰማም። ባለፈው የተሸወደችውን ዛሬም ተሸወደች፤ በሚቀጥለውም ትሸወዳለች፤ ደጋፊው እንዲያውም ለምዶት "ትርንጎ ተበላች" እያለ ይዘፍንላታል። አንድ ቀን ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ፣ "አትታረምም" አለኝ። "ሜላት፣ ይህቺ ልጅ አትታረምም። የኔዋ አንዴ ከነገርኳት ደግማ አትሳሳትም ነበር።" እሱም መምጣት አቆመ።

ትርንጎ ገንደ ቆሬ ኖረች። አየሩ የሚቀዘቅዝ ቤት ሰጥተዋታል፤ አልተራበችም፤ ይህን ልደብቅ አልችልም። ክሩ ግን አልወጣላትም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ብርቱካን ገዝታ ለአባቷ ከሩቅ ወረወረችለት። ወዲያው ጆሮዋ ውስጥ አንድ ለስላሳ ድምፅ፣ "ይህ አወራወር የተመዘገበ ነው፤ እባክዎ ሌላ ይጠቀሙ" አላት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በእጅ ካልሆነ አታቀብልም። ልጆች ሲጫወቱ ካየች መንገድ ትቀይራለች። በዓል ሲደርስ ለድሬ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው ለእሷም ይደወልላትና፣ የራሷ ድምፅ በደስታ "እንኳን አደረሰሽ ትርንጎ" ይላታል። "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብላ ትዘጋለች። ለምን እንደምትመልስ ስጠይቃት፣ "ሰላምታ እንዴት ይታለፋል?" አለችኝ።

ጋሽ ኪሩቤል ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ጥላዋ ቀርባ "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናችሁ" አለች። ድምፁ ያዘነ ነበር፤ ያቺ ትንሽ ክፍል ውስጥ የተቀረጸው መሆኑ ነው። ለቀስተኛው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ትርንጎ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር። ምንም አላለችም። ምን ትላለች? ተብሎላታል።

ሊጉ በየዓመቱ ይለካት ነበር። ገላዋ፣ አረማመዷ፣ ትከሻዋ ከጥላዋ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያያሉ። ሠላሳዎቹን አጋምሳ ነበር፤ ወገቧ ሰፍቷል፣ ፀጉሯም ከፊት ሳሳ ብሏል። አንድ ቀን ማለዳ በሬን አንኳኳች። ስከፍትላት እየሳቀች ነበር፤ ገብታ ስትቀመጥ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ።

"ለቀቁኝ" አለችኝ። "መመሳሰልዎ ከሚፈለገው በታች ስለሆነ እገዳው ተነሥቷል፣ እናመሰግናለን አሉኝ። ራስሽን አትመስይም ነው የሚሉኝ እትዬ ሜላት።"

"ደግ!" አልኩ። "ገደል ይግቡ! ተነሺ።"

ሳቢያን ያለው የሠፈር ሜዳ ወሰድኳት። ገና እየነጋጋ ነበር። ለኳስ የተሰበሰቡ ልጃገረዶች አሉ፤ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል፤ ትልቅ ሴት ልትጫወት ነው ሲባሉ ተያዩ፤ ግን ምን ያድርጉ፣ አስገቧት።

ያን ጠዋት ማይክ አልነበረኝም፤ ማይክ ቢኖረኝም የሚሰማኝ የለም። ሆኖም ልንገራችሁ። ትርንጎ አትሮጥም ነበር። ቀድማ ትደርሳለች። አንዷ ገና ኳስ ስትቀበል ትርንጎ መውጫዋ ላይ ቆማለች። በግራ እጇ፣ በትከሻዋ ላይ፣ ሳታይ ታቀብላለች። ሁለት ፈጣን ልጆች መጡባት፤ ኳሷን ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘችና ጠበቀቻቸው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተላተሙ፤ እሷ በመሐላቸው አለፈች። ይህን ሁሉ ዓመት ኳስ ሳትነካ በራሷ ውስጥ ስትጫወት ኖራለች ማለት ነው። እዚያ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ስትጫወት አገር ሊያያት ይገባ ነበር፤ ያየናት ግን እኔና አንድ የሜዳው ውሻ ነን።

ሲያበቁ ልጆቹ ውኃቸውን ይዘው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንዷ ብቻ ኳሷን ታቅፋ ወደ ትርንጎ መጣች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠጄ ትባላለች።

"ስምሽ ማን ነው?" አለቻት።

"ትርንጎ።"

"እንደ ትርንጎ! ታድለሽ።" ልጅቷ አየት አደረገቻት፤ ሆዷ የራራላት ትመስላለች። "ደህና ትጫወቻለሽ። አወራወርሽ ግን ልክ አይደለም። ትርንጎ እንደዚህ ነው የምትወረውረው፤ እዪ።"

ኳሷን ወረወረች። ስታርፍ ግራ እግሯን መሬት አላስነካችም፤ በቀኟ ብቻ ሁለት ጊዜ እንጣጥ እንጣጥ አለች። ከኋላዋ ያሉት ልጆችም ተነሥተው እያንዳንዳቸው ወረወሩ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር እንጣጥ አሉ።

እኔ ያቺን እንጣጥ አውቃታለሁ። በዚያ ዓመት መሐል ላይ ትርንጎ ግራ እግሯ ወለም ብሏት ነበር፤ ሳትናገር አስራው ተጫወተች፤ ስታርፍ እንዳያማት በቀኟ ትዘል ነበር። ወለምታው በወሩ ዳነ። የታተመው ግን እሱም ጭምር ነው። የድሬ ሴት ልጅ በሙሉ ዛሬ ኳስ ስትወረውር ታነክሳለች።

ልናገር ተነሣሁ። ትርንጎ ዓይኗን ወደ እኔ ወርወር አድርጋ፣ ዝም በይ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ኳሷን ከልጅቷ ተቀበለችና ወረወረች። ገባላት። ልታነክስ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እግሯ ደህና ነው፤ ሕመሙን ረስቶታል።

"ኧረ እንደሱ አይደለም" አለች ጠጄ። ጎንበስ ብላ የትርንጎን ግራ ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ያዘችና ከመሬት አነሣችላት። "ይቺኛዋን እንዲህ አንጠልጥያት። አይዞሽ፣ መጀመሪያ ሁላችንም አልቻልንም ነበር። ትለምጂዋለሽ።"

"እሺ" አለች ትርንጎ፤ በአንድ እግሯ ቆማ። "እስኪ አንዴ ድገሚልኝ።"